የከብቱ መድኃኒት የአሞራው መርዝ እንዳይሆን

ከመንደር ዳር የተጣለ የከብት በድን በሰዓታት ውስጥ አጥንቱ ብቻ የሚቀረው በጥንብ አንሳ አሞራዎች ነው። ለዚህ ሥራ አርሶ አደሩም ሆነ ማዘጋጃ ቤቱ የሚከፍሉት ገንዘብ የለም። አሞራው ሲጠፋ ግን የሚከፈለው ዋጋ ከባድ መሆኑን ደቡብ እስያ አሳይታለች።

በህንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሞራዎች አልቀዋል። የሦስት ዝርያዎች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ቀንሷል። መንስኤው ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመምና የእብጠት ማስታገሻ መሆኑ የታወቀው በ2004 ነው። መድኃኒቱ የታመመውን ከብት ያስታግሳል፤ ከብቱ በታከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቶ አሞራ ከበላው ግን የአሞራው ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። ከመቶ በድን አንዱ እንኳ ሳይሞላ መድኃኒቱ ቢገኝበት ዝርያውን ለማመናመን በቂ ነው። እነዚህ አሞራዎች በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ስለሚጥሉ የሞተው ቶሎ አይተካም። በህንድ በድኑ ለውሾች ቀረ፤ ውሾች ሲበዙም የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት አብሮ ጨመረ። ሦስቱ አገሮች በ2006 መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይውል አገዱ።

ጉዳዩ የእኛም ነው። በቄራዎችና በከተሞች ዳር ዘወትር የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። በአፍሪካ አሞራን በብዛት የሚፈጀው ለጅብና ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው። በዚህ ላይ ጎጂ መድኃኒት ከተጨመረ የተረፉትም አይቆዩም።

የበሬው ሕመም መታከም እንዳለበት አያከራክርም። ለዚህም ሜሎክሲካም የተባለው ማስታገሻ ለከብቱ የሚሠራ፣ አሞራውንም የማይጎዳ ሆኖ ተገኝቷል። ኬቶፕሮፌን ግን እንደ ዳይክሎፌናክ አሞራን ስለሚገድል አማራጭ ሊሆን አይችልም።

ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃም ከህንድ መማር ይቻላል። ለሰው የተዘጋጀው ትልቅ የዳይክሎፌናክ ብልቃጥ ለከብት መዋሉ ስለቀጠለ፣ በ2015 የመርፌው መጠን ከ3 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በእንስሳት ክሊኒኮች፣ በመድኃኒት መደብሮችና በገበያ ቀን በየመንገዱ የሚሸጠውን መድኃኒት ከጤና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተቀናጅተው ሊፈትሹ ይገባል። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም ማስታገሻ ሲያዝዙ ሜሎክሲካምን ያስቀድሙ።

አርሶ አደሩም መድኃኒት ከባለሙያ ይግዛ፤ ለሰው የተዘጋጀ መርፌ ለከብቱ አይስጥ። ታክሞ የሞተውን ከብት ይቅበር እንጂ ሜዳ ላይ አይጣለው። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድን ደግሞ ሳይገፈፍና ሳይከፈት በጥልቀት ሊቀበር ይገባል። በሥጋ ላይ መርዝ ማድረግም ይቁም። አሞራው ካለቀ በኋላ ከመቆጨት ዛሬ የመድኃኒቱን ስም አንብቦ መምረጥ ይቀላል እንላለን።