ከአርባ በኋላ በትግል ምንጣፍ ላይ

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ለመማር ምንጣፍ ላይ ሲወጣ የሚሥቁበት አይታጡም። በበኩሌ የሰውየው ዕድሜ አያሠጋኝም፤ የሚያሠጋኝ ኩራቱ ነው።

ይህን ትግል ከጃፓናዊው ሚትሱዮ ማዬዳ የተማረው ካርሎስ ግሬሲና ታናሽ ወንድሙ ሄሊዮ በብራዚል አስፋፉት። ሄሊዮ ሰውነቱ ቀጭን ስለ ነበረ ጉልበትን በጉልበት ከመመለስ ይልቅ በመፈንቅል ዘዴ የባላጋራውን ክንድ መጠምዘዝ ይመርጥ ነበር። ዘዴው ለሽማግሌ የታሰበ ይመስላል።

ነገር ግን ይኸው ሄሊዮ እ.ኤ.አ. በ1951 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ከጃፓናዊው ኪሙራ ጋር ሲታገል ክንዱ ተጠምዝዞ እንኳ እጁን አልሰጠም፤ ትግሉን ያስቆመው ካርሎስ ነው። በ1955ም በ41 ዓመቱ ከቀድሞ ተማሪው ከቫልዴማር ሳንታና ጋር ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ታግሎ ተሸነፈ። ጀግንነቱን ማን ይክዳል? ሰኞ ጧት ቢሮ የሚገባ የ50 ዓመት ሰው ግን ይህን አርአያ ቢከተል ለወጌሻ ሲሳይ ይሆናል።

በትግሉ ሕግ የተያዘ ሰው ባላጋራውን ወይም ምንጣፉን በመዳፉ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ይለቀቃል። ዘግይቶ የመታ ወጣት ቶሎ ያገግም ይሆናል፤ የሽማግሌ ክርን ግን እንዲህ አይደለም።

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ30 ዓመት በላይ ያሉትን ተወዳዳሪዎች በዕድሜ መክፈሉ መልካም ነው፤ አሜሪካዊው ምግብ አብሳይና ደራሲ አንቶኒ ቦርዴይን በ2016 በ59 ዓመቱ ኒው ዮርክ ላይ ያሸነፈው ከእኩዮቹ ጋር ተወዳድሮ ነው። ዳሩ ግን በየዕለቱ ልምምድ ዳኛ የለም። ስለዚህ አሠልጣኞች ለአዲስ ገቢ ሽማግሌ ከማናቸውም አያያዝ አስቀድመው መዳፍ መምታትን ያስተምሩት፤ አብሮት የሚለማመደው ወጣትም ክንድ በያዘ ጊዜ ቀስ ብሎ ይጠምዝዝ። በልጅ ፊት እጅ መስጠት ነውር ነው የሚል ሽማግሌ ቢገኝ፣ ዳር ተቀምጦ ይመልከት።