በገበታ ላይ ስለሚሰለፍ ጦር



በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን በዕረፍት ሰዓት አንድ አዲስ ነገር ሲደረግ ታይቷል። ጥቂት ተማሪዎች በክፍሉ የኋላ ዴስክ ላይ ካርቶን ዘርግተው፣ ቆርኪውን እግረኛ፣ የእንጨቱን ቁራጭ ፈረሰኛ፣ ከጭቃ የጠፈጠፉትን ባለ ክንፍ ዘንዶ ደግሞ የጦር አለቃ አድርገው፣ በማስመሪያ እየለኩና ዳይስ እየጣሉ ይጫወታሉ። ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ «እየተዋጋን ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ከግቢው አልፎ ወደየቤቱ ገብቶ ክርክር አስነሥቷል። «አገር በጦርነት እየተጎዳ ልጆቻችን ደግሞ ለመዝናኛ ይዋጋሉን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔም የቀሐ ልጅና ከተጫዋቾቹ አንዱ ስለ ሆንሁ፣ በዚህ መጽሔት በተፈቀደልኝ ቦታ ስለ ነገሩ ያለኝን አስተያየት ባጭሩ ለመግለጥ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት ላስረዳ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ፎን ራይስቪትስ የሚባል የፕሩስያ መኮንን፣ አባቱ የጀመረውን ዐሳብ አሻሽሎ፣ በካርታ ላይ ትንንሽ ምልክቶችን በማንቀሳቀስ የጦር ስልት የሚጠናበትን ጨዋታ ለአገሩ የጦር አለቆች አቀረበ። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ «ትንንሽ ጦርነቶች» የተባለውን መጽሐፍ አሳትሞ፣ የመጫወቻ ወታደሮችን አሰልፎ በመጫወቻ መድፍ እየመቱ የሚጫወቱበትን ሕግ ጻፈ። ከዚያም በኋላ በ1974 በአሜሪካ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»፣ በ1983 በእንግሊዝ «ዋርሃመር» የተባሉት ጨዋታዎች ወጡ። በእነዚህ ጨዋታዎች ከሰው ወታደር ጋራ ዘንዶው፣ ጭራቁና አስማተኛው አብረው ይሰለፋሉ። የዋርሃመር ተጫዋች ምስሎቹን ገዝቶ ይገጣጥማል፤ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀባቸዋል፤ እንደ ቴምብር ሰብሳቢም ይሰበስባቸዋል፤ በመጨረሻም ከጓደኛው ጋራ በጠረጴዛ ላይ ያዋጋቸዋል። ጓደኞቼም ነገሩን ያዩት በስልክ ነው። ምስሎቹን መግዛት ስለማይችሉ በቆርኪና በጭቃ ተኩት።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ቢኖር፣ ወደ ራሱ አገር ታሪክ ይመለስ። አባቶቻችን በገበታ ላይ ጦር ማሰለፍን ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ስሙም ሰንጠረዥ ነው። ጨዋታው ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቦች በኩል አልፎ ወደ እኛ ደረሰ። ገበታው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ መስመር የተሰመረበት ባለ 64 ቤት ነው። በየወገኑም 16 ሠራዊት ይሰለፋል፤ ይኸውም አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ነው። ፊል ማለት ዝሆን ነው፤ መደቅም እግረኛው ነው። የመኳንንቱ ሠራዊት ከዝሆን ጥርስ፣ የሌላው ሰው ከእንጨት ወይም ከቀንድ ይሠራ ነበር።

የእኛን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው ግን ወረራ የሚባለው መጀመሪያው ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ በሚችለው ፍጥነት ሠራዊቱን ያንቀሳቅሳል፤ ዐይኑ ግን ከባላጋራው እጅ አይነቀልም። ያ ያሰለፈውን አይቶ ይህ ያፈርሳል፤ ይህ ያፈረሰውን አይቶ ያ እንደ ገና ያሰልፋል። አንዱ የሌላውን ሠራዊት በበላበት ቅጽበት ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል። በዙሪያው የተቀመጠውም ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፣ ይከራከራል፣ ይጮኻል። ይህን ጨዋታ በጽሑፍ ካቆዩልን የውጭ ሰዎች አንዱ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው። እርሱም በከተማችን በጎንደር አጠገብ ቆስሎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860 የሞተው ነው። በኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አውጥቷል። እንግዲህ በገበታ ላይ መዋጋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተረሳ ነገር ነው እንጂ።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ጥያቄ ልመለስ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገውን ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በክልላችን የተነሣውን ግጭት የማያውቅ በመካከላችን የለም። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሳለ ቤታቸው የዋሉ፣ ዘመድ የቀበሩ፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ልጆች ከእኛ ጋራ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ስለዚህ «ጦርነት ጨዋታ አይደለም» የሚሉን ወላጆች እውነታቸውን ነው።

ለጨዋታው የሚሟገቱ አንዳንድ ጓደኞቼ «በገበታ ላይ የተዋጋ በሜዳ አይዋጋም» ይላሉ። ይህን እኔ አልቀበልም። ዌልስ ራሱ ትልቁ ጦርነት ምን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ ትንሹ ጦርነት ያስተምራል ብሎ ያምን ነበር፤ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ከእኛም ታሪክ ምስክር አለ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር ይባላል። እኒሁ ንጉሥ ሰላሙ ሰልችቷቸው «ጦር አውርድ» እያሉ መሬት አስገረፉ ተብሎም ይተረካል። ጦሩም ወረደ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1529 በሽምብራ ኩሬ ድል ሆኑ፤ ከዚያም ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲሸሹ ኖረው በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። እንግዲህ ሰንጠረዥ ጦርነትን የሚከለክል ክታብ አይደለም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ጥቅሙ አንድ ነው፤ እርሱም መሸነፍን ማስተማሩ ነው።

እስቲ እናስተውል። ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ማሸነፍን ሲሰማ ያድጋል። በዘፈኑ፣ በሽለላው፣ በፈተናው፣ በኳሱ የሚመሰገነው አሸናፊው ነው። የተሸነፈ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አይነግረንም። ስለዚህ ስንሸነፍ ወይ እንኮርፋለን፣ ወይ ተጭበረበርሁ እንላለን፣ ወይ ለበቀል እንነሣለን። በገበታ ላይ ግን መሸነፍ የዕለት እንጀራ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ይሸነፋሉ። የረታዎትም ሰው የሩቅ ጠላት አይደለም፤ ክንዱ ክንድዎን እየነካ ፊት ለፊትዎ የተቀመጠ፣ ነገም አብሮዎት የሚማር ጓደኛ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ንጉሡም መደቁም ወደ አንድ ከረጢት ይገባሉ። ነገ እንደ ገና ለመሰለፍ ሁለቱም ወገኖች ያስፈልጋሉና፣ ባላጋራውን ያጠፋ ተጫዋች ጨዋታውንም ያጠፋል።

የአባቶቻችን ሕግ ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ እንዴት እንዳሸነፉ ይጠየቃል። በደር ወይም በፈረስ ኀይል መርታት ብዙ አያስመሰግንም፤ በፊል ወይም በፈርዝ መርታት ግን ያስከብራል፤ በመደቅ፣ በታናሹ ሠራዊት፣ የረታ ደግሞ እጅግ ይደነቃል። ከዚህም ሁሉ የሚገርመው ሕግ፣ ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ሊረታ የማይችል መሆኑ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ለባላጋራው ጥቂት ሠራዊት ይተውለታል፤ ሁሉን ልብላ ያለ ስስታም ግን ድሉን ራሱ ያጣል። ይህን ሕግ ያወጡት አባቶች ጦር ሜዳን በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ባላጋራን አራቁቶ ማዋረድ ድል እንዳልሆነ በጨዋታ ሕግ ጽፈው ትተውልናል። እኛ ግን ሕጉንም ጨዋታውንም ረሳን።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብና የጊዜ ነው። የውጭ አገሩ ምስል ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጎንደር ልጅ ምስል ከውጭ አገር ሊያስመጣ አይገባውም። በከተማችን ሰሜናዊ ዳርቻ ወለቃ አለች። በዚያ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት፣ ከጭቃ አንበሳውን፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን በመዳፍ ልክ እየሠሩ በመንገድ ዳር ይሸጡ ነበር። ያ ሙያ ከመንደሯ ጨርሶ አልጠፋም። ጭቃ በነፃ ይገኛል፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ዘንዶውን የጠፈጠፈ ጓደኛዬ ክንፉ ሲደርቅ እየተሰነጠቀበት አራት ጊዜ እንደ ገና ሠርቶታል፤ በአምስተኛው ቆመለት። ጊዜን በተመለከተ፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ቤቲንግ ቤት ከሚገባው ልጅና በገበታ ላይ ቆርኪ ከሚያሰልፈው ልጅ የትኛው ጊዜውን እንደሚያባክን ወላጆች ይፍረዱ። ያኛው ሲሸነፍ የእናቱን ገንዘብ ያጣል፤ ይህኛው ሲሸነፍ ቆርኪ ያጣል፤ እርሱም ማታ ይመለስለታል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ዘንዶና ጭራቅ ለምን አስፈለገ?» የሚል ነው። እኔ ግን ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው እላለሁ። በቅርብ ጊዜ የተደረገውን ጦርነት በገበታ ላይ ብንደግመው፣ ከመካከላችን የአንዱ አባት ወይም ወንድም የወደቀበትን ቦታ መጫወቻ ማድረጋችን ነው። ከጭራቅ ጋራ ሲዋጋ የሞተ ዘመድ ያለው ተማሪ ግን የለም። ተረቱም ቢሆን ከእኛው ቤት አይጠፋም። ሕዝብ ይገብርለት የነበረውን ዘንዶ አርዌንና እርሱን የገደለውን አንጋቦን የሚያነሣው የአክሱም አፈ ታሪክ፣ ሴት አያቶቻችን በምድጃ ዳር የሚነግሩን የጭራቅ ተረት ለአንድ ዓመት ጨዋታ ይበቃል። ቅዱሳንን ግን ለዚህ አንጠቀምባቸው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ የተሳሉት ባለ ፈረስ ሰማዕታት ለጸሎት እንጂ ለጨዋታ አልተሳሉም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለወላጆች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጨዋታውን በመከልከል ወደ ጓሮ ከምንሰደው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍልና አንድ መምህር ይፈቀድልን። ሦስት ሕግም ይደንገግ። አንደኛ፣ በጨዋታው ገንዘብ እንዳይያዝ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ጦር የሕያው ሕዝብ፣ የሃይማኖት ወይም የክልል ስም እንዳይወጣለት። ሦስተኛ፣ ጨዋታው ባለቀ ጊዜ የረታውና የተረታው አንድ ላይ ሆነው ሠራዊቱን ወደ ከረጢቱ እንዲመልሱ። ከዚህም ጋራ ሰንጠረዥን በወረራው ሕግ የሚያውቁ አዛውንቶች በቀሐም ሆነ በሌላው ሰፈር ካሉ፣ መጥተው እንዲያስተምሩን እንለምናለን። እነርሱ ካለፉ በኋላ ከመጽሐፍ ብቻ መማር ይሆናልና።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጆቻችሁ ጦርነትን እንዳይወዱ መፍራታችሁ ተገቢ ነው። ጦርነትን ያሳየን ግን ቆርኪው አይደለም፤ እርሱን ቀድመን በጆሯችን ሰምተነዋል። ያላየነው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ተሸንፎ «በርታ፣ ነገ እንገናኛለን» ብሎ እጅ ጨብጦ የሚነሣ ሰው ነው። እርሱን በገበታችን ላይ እንድንለማመደው ፍቀዱልን።