ጐደሎ ቍጥርና የኳስ መርሐ ግብር



አንድ ክለብ ከሊግ ሲወጣ ጕዳቱ በወጪው ላይ ብቻ የሚቀር ይመስለን ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መቀሌ 70 እንደርታ፥ ወልዋሎና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት ከፕሪሚየር ሊጉ በቀሩ ጊዜ 16 የነበሩት ክለቦች 13 ሆኑ፤ 240 ይሆን የነበረውም ጨዋታ ወደ 156 ወረደ። 13 ለሁለት እኩል አይከፈልምና በየዙሩ አንድ ክለብ ያለ ጨዋታ ዐረፈ፤ የነጥቡም ሰንጠረዥ እኩል ያልተጫወቱትን ጐን ለጐን እያሰለፈ ተመልካቹን ያሳስት ነበር።

ጨዋታው በአዲስ አበባ፥ በጅማ፥ በባሕር ዳር፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ስለ ተደረገ፥ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክን ያሰናበተው ወላይታ ድቻችን በዚያ ዓመት ለሊጉ ሶዶ ላይ አልተጫወተም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ጦርነትና ወረርሽኝ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲጐድል ሥራውን የሚይዘው አስቀድሞ እንደሚታሰብ ሁሉ፥ ክለብ ሲወጣም የዕረፍቱ ተራ፥ ቀድሞ የተገኘው ነጥብና የሚተካው ክለብ ነገር ውድድሩ ሳይጀመር በደንብ ተጽፎ ቢታወቅ መልካም ነው እላለሁ። የትግራይ ክለቦች በ2017 ዓ.ም. ተመልሰዋልና ትምህርቱ አብሮ እንዳይረሳ።

አንድ አንባቢ
ከወላይታ ሶዶ