ከማፍረስ አስቀድሞ መለካት

በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ የፎቶግራፍ ማንሻ ክፍል ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ «ክፍሉ ምን ያህል ይስፋ?» ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ «የማነሣው ምን ዓይነት ፎቶግራፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የክፍሉን ስፋት የሚወስነው ሥራው ነውና።

በካርቱም ከተማ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር አለ። አንድ ወገናችን ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በዚያ ሰፈር በኪራይ ቤት ይኖር ነበር። ለጉዞ ወረቀትና ለመታሰቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ እያነሣ ቤተሰቡን ለመርዳት አሰበ። የእንግዳ መቀበያው ክፍል ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ተኩል ነበር። ይህ ስለ ጠበበው፣ በልጆቹ መኝታ በኩል ያለውን ግድግዳ ለማፍረስ ቆረጠ። ባለቤቱ ግን፣

«ጌታዬ፣ ግድግዳው ከፈረሰ ልጆቹ የት ሊተኙ ነው? ቤቱስ የሰው አይደለምን? አስቀድሞ ቢለካ ምናለ?» አለችው።

እርሱም ምክሯን ተቀብሎ ለካ። ካሜራው 24 በ36 ሚሊሜትር ሥዕል የሚቀበል፣ ሌንሱም 85 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሰውን ከደረት በላይ ለማንሣት 2 ሜትር ያህል ርቀት ይበቃል። ጥላ እንዳያጠላ ተነሺው ከበስተኋላው መጋረጃ 1 ሜትር ከ20 ይርቃል፤ ለአንሺው መቆሚያም 80 ሳንቲሜትር ይተዋል። ድምሩ 4 ሜትር ነው። ወርዱም ቢሆን፣ 1 ሜትር ከ35 ስፋት ያለው የወረቀት መጋረጃ ተሰቅሎ፣ በግራና በቀኝ ለመብራት ማቆሚያ ከ1 ሜትር በላይ ቦታ ይተርፋል።

ሙሉ ቁመት ለማንሣት ግን በዚያው ሌንስ ከ5 ሜትር በላይ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስም 3 ሜትር ያህል ርቀት ያስፈልጋል። ይህ በክፍሉ ውስጥ አይገኝም። የክፍሉ በር ከመጋረጃው ፊት ለፊት ስለ ነበረ፣ ካሜራውን በግቢው አቁሞ በተከፈተው በር በኩል በውስጥ የቆመውን ሰው አነሣ።

የብርሃንም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በአውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት፣ በስተሰሜን ያለ መስኮት ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጣል ይላሉ። ካርቱም ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ15 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ በቀትር እንኳ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ጧትና ወደ ማታም ጨረሯ በዚያው መስኮት ይገባል። ወገናችን ይህን ተመልክቶ መስኮቱን በስስ ነጭ ጨርቅ ጋረደው።

በዚህ ሁኔታ ግድግዳው ሳይፈርስ፣ ልጆቹም ከመኝታቸው ሳይነሡ ሥራው ተጀመረ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ያ ቤተሰብ እንደ ሌሎች ብዙዎች ከተማዪቱን ለቅቆ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ተጓዘ። መጋረጃውና መብራቱ እዚያው ቀሩ። ካሜራው በአንድ ቦርሳ ተይዞ ወጣ። ግድግዳውን ለማፍረስና መልሶ ለማሠራት ታስቦ የነበረው ገንዘብም አራት ነፍስ ከድንበር የሚያደርስ የመንገድ ስንቅ ሆነ።

እንግዲህ በቤቱ የፎቶግራፍ ክፍል ሊያዘጋጅ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ሜትሩን ያንሣ፤ ከባለቤቱም ጋር ይምከር። መዶሻው በኋላም ይደርሳል።