ተማሪ ቤትና የሃይማኖት ድንበር

ልጁን ለመምህር የሚሰጥ አባት የሚሰጠው የልጁን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ልቡንም ጭምር ነው። ስለዚህ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ መምህር የሰውን ልጅ ሊያስተምር ይገባዋልን? የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ሲነሣ የኖረ ነው። ዛሬም ቢሆን ፈጽሞ አልተዘጋም። ለዚህ ጥያቄ መልካም ምላሽ የሚገኝበት አንዱ ስፍራ በአዲስ አበባ የተመሠረተው የተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት ታሪክ ነው።

ይህን የወንዶች ልጆች ተማሪ ቤት በ1917 ዓ.ም. ያቋቋሙት በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ ናቸው። ከዚያ በፊት የዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት በተከፈተ ጊዜ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች እንዲሆኑ መደረጉ ይታወቃል። ምክንያቱም የቤተ ክርስቲያን አባቶች የውጭ ትምህርት የውጭ ሃይማኖት እንዳያስከትል መስጋታቸው ነበር። በተፈሪ መኰንን ግን በሩ ሰፋ ብሎ ተከፍቶ፥ ትምህርቱ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የትምህርቱ ሥራ ተቋረጠ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህም ተምረው ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ሀገር በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ተማሪው ብዙ፥ መምህሩ ግን ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1945፥ ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪ ቤቱን ከካናዳ ለመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አደራ ሰጡ። እነዚህም በአባ ሉሲየን ማት የሚመሩ የካቶሊክ ካህናት፥ ማለት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባሎች ነበሩ።

የዚህ ማኅበር ስም ግን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቀላል ስም አይደለም። በ1595 ዓ.ም. የገባው የማኅበሩ ሰው ፔድሮ ፓኤዝ ግእዝንና አማርኛን ተምሮ፥ በትዕግሥትና በትሕትና ተቀምጦ፥ በቤተ መንግሥት ተወዳጅ ሆኖ ነበር። አፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ከተቀበሉ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀው ሕዝብ ዳግመኛ ይጠመቅ፥ የተካነው ካህን ዳግመኛ ይካን፥ የተባረከው ታቦት ዳግመኛ ይባረክ አለ። ከዚያም ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ፤ ደምም እንደ ውሃ ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለአፄ ፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያንም ከሀገር ተባረሩ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የዚያው ማኅበር ሰዎች የኢትዮጵያን ልጆች እንዲያስተምሩ ሲጠሩ፥ ይህን የሚያስታውስ ሁሉ ቢጨነቅ የሚያስነቅፈው አልነበረም።

ነገሩን የፈታው ውል ነው። የመጡት መምህራን ሃይማኖታቸውን ለተማሪዎቹ እንዳይሰብኩ፥ ልጆቹንም ወደ ካቶሊክነት ለመመለስ እንዳይሞክሩ ተከለከሉ። የክህነት ልብሳቸውንም ትተው እንደ ማናቸውም መምህር በተራ ልብስ እንዲታዩ ሆነ። ለመነኵሴ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ዕድሜውን የሰጠለትን ነገር በአፉ ሳይናገር፥ ቍጥርንና ቋንቋን እያስተማረ እንዲኖር መስማማቱ ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ልብሱን የሰወረ ሐሳቡንም ሊሰውር ይችላል ይል ይሆናል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዛፍ ከፍሬው ይታወቃልና ፍሬውን መመልከት ይሻላል። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፥ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት እኒሁ አባ ማት ነበሩ። ከዚህም ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ ተገኘ። በትንሹ አደራ ያልታመነ ሰው በትልቁ አይሾምም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር ሁለት ወገን አለው። እንግዳው ድንበሩን ጠበቀ፤ ባለቤቱም ድንበሩን አስቀድሞ በግልጽ አመለከተ። በ17ኛው መቶ ዓመት ሀገርን ያፈረሰው የእንግዳው ዕውቀት አልነበረም፤ ዕውቀቱን ተከትሎ የመጣው ግዳጅ ነው። ቢሆንም የቀድሞውን መከራ ምክንያት አድርጎ ለዕውቀት በር መዝጋት፥ ልጆችን በጨለማ ማስቀረት በሆነ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የተማሪ ቤቱ ስም ተለውጦ እንጦጦ ተባለ፤ የነዚያም መምህራን ዘመን አለፈ። ጥያቄው ግን አላለፈም። ዛሬ የኦርቶዶክሱ፥ የእስላሙ፥ የካቶሊኩና የፕሮቴስታንቱ ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። ነገር ግን መምህር በክፍሉ በሩን ዘግቶ ከልጆች ጋራ ብቻውን በሚሆንበት ሰዓት ሕግ አጠገቡ አይቆምም፤ የሚቆመው ኅሊናው ነው።

ስለዚህ የተማሪ ቤት ሹም መምህር ሲቀጥር ድንበሩን አስቀድሞ ይንገር። መምህሩም የልጁ እምነት የወላጅ አደራ መሆኑን ይወቅ። ወላጅ ደግሞ ልጁን በቤቱ ሃይማኖቱን አስተምሮ ይላከው። ፊደሉንና ዳዊቱን፥ ወይም ቍርአኑን፥ በሚገባ ያጠና ልጅ ከሌላ ሃይማኖት መምህር ሒሳብ በመማሩ አይናወጥም። የሚናወጠው በቤቱ ምንም ያልተማረው ነው፤ የዚያም ዕዳ በእንግዳው መምህር ላይ ሳይሆን በወላጁ ላይ ይቈጠራል።