በሐኪም ላይ የሚሰጥ ፍርድ

ከቤታችን አንድ ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሕይወቱን በሐኪሙ እጅ አደራ እንሰጣለን። ያ ሐኪም ሥራውን በሚገባ ማወቁን እኛ መርምረን ልናውቅ አንችልም፤ ቢያጠፋም ጥፋቱን አስቀድመው የሚያውቁበት የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። ስለዚህ የሐኪምን ሥራ ሐኪሞች ይመርምሩት መባሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን መርማሪዎቹ ራሳቸው አድልዎ ያለባቸው እንደ ሆነስ? በዚህ ወር ልንመለከተው ያሰብነው ይህን ነው።

የምርመራውን ጥቅም ለመረዳት የቦስተኑን ቀዶ ጠጋኝ ዶክተር ኧርነስት ኮድማንን ማስታወስ ይበቃል። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) እርሱ፣ በሽተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በእርግጥ መዳኑን ተከታትሎ መጠየቅ፣ ሕክምናው ሳይሳካ ቢቀርም ምክንያቱን ሳይሸሽጉ መጻፍ ይገባል ይል ነበር። ሹመትም በዕድሜ ሳይሆን በሥራ ውጤት እንዲሆን ስለ ፈለገ፣ በ1914 ከታላቁ የማሳቹሴትስ ሆስፒታል ሥራውን ለቀቀ። በራሱ አነስተኛ ሆስፒታል ከ1911 እስከ 1916 ካከማቸው 337 በሽተኞች መዝገብ ውስጥ 123 ስሕተቶችን ቈጥሮ ለሕዝብ አሳተመ። ሌላውን ከመመርመሩ በፊት ራሱን መርምሯልና፣ ቃሉ ክብደት ነበረው።

ይሁን እንጂ ያው ምርመራ በቅንነት ካልተያዘ መሣሪያ ይሆናል። በአሜሪካ በኦሬገን ግዛት አስቶሪያ የምትባል፣ በዚያን ጊዜ ዐሥር ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ከተማ አለች። የነበራት ሆስፒታል አንድ ብቻ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሐኪሞቹም የአንድ የግል ክሊኒክ ባልደረቦች ነበሩ። በ1972 በክሊኒኩ የተቀጠረ አንድ ቀዶ ጠጋኝ፣ በዓመቱ ሸሪክ ሁን ቢሉት እምቢ ብሎ የራሱን ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የክሊኒኩ ሐኪሞች በሽተኛ ወደ እርሱ መላክ ተዉ፤ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ርቀው ወደሚገኙ ሐኪሞች መላክን መረጡ። ምክር ሲጠይቃቸውም፣ ተተኪ ሁኑልኝ ሲላቸውም እምቢ አሉ፤ ዞረው ደግሞ ምክር አይጠይቅም፣ ተተኪ የለውም ብለው ነቀፉት። በ1981 የሆስፒታሉ ኮሚቴ ከሥራ እንዲወገድ ወሰነ። ጉዳዩን እንዲሰሙ የተቀመጡትን ሰዎች፣ በእኔ ላይ ቂም እንደሌላችሁ መስክሩልኝ ቢላቸው አንመሰክርም አሉት። እርሱም ውሳኔውን ሳይጠብቅ ለቀቀ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች የ650,000 ዶላር ካሣ ፈረዱለት፤ ሕጉም ሦስት እጥፍ አደረገው። የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ቢሽረውም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ሽረቱን ሻረ።

ክርክሩ ገና ሳያልቅ በ1986 የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት መርማሪዎች ከካሣ ክስ የሚጠበቁት፣ ለበሽተኛው ደኅንነት አስበው፣ እውነቱን ለማግኘት ደክመው፣ ተከሳሹን አስታውቀውና ሰምተው እንደ ሆነ ነው። ሐኪሙ ነገሩ ከሚሰማበት ቀን ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ጠበቃ ያቆማል፤ ምስክሮችን ይጠይቃል። ሰሚዎቹም ከእርሱ ጋር በገበያ የሚፎካከሩ መሆን የለባቸውም። ታዲያ ሕጉ በሽተኛውንም አልረሳም፤ አደጋው የማይታለፍ ሲሆን ሐኪሙን ወዲያው አግዶ በኋላ መስማት ተፈቅዷል። እኛም ይህን ሚዛን እናመሰግነዋለን፤ ሰነፍ ሐኪም በወዳጆቹ ተሸሽጎ ሲቀር የሚሞተው የሰው ልጅ ነው፤ ደግ ሐኪም በቅናት ሲባረርም የሚጐዳው ያው በሽተኛው ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም፣ ይህን መብታቸውን ያውቁ ዘንድ ብትነግሯቸው መልካም ነው።

ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ከሳሽም ተከሳሽም በየተራው ይናገራል፤ «ውኃ ሲጐድል ተሻገር፤ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የተባለውም የሚሰማ ዳኛ ስላለ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቻችንን የምንመክረው ይህን ነው። በሐኪም ላይ ቅሬታ ቢኖራችሁ፣ ወሬ ሳትጨምሩ ያያችሁትንና ቀኑን ጽፋችሁ ለሆስፒታሉ አቅርቡ፤ የሐኪሙም መልስ ሳይሰማ ስሙን በሰፈር አታጥፉ። ከእናንተ መካከል በሰው ሥራ ላይ እንዲፈርድ የተመረጠ ቢኖር ደግሞ፣ ተከሳሹ በመውደቁ እኔ አንዳች አገኛለሁን? ብሎ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ አዎን የሆነ እንደ ሆነ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ።