ታሪኩን የተነጠቀ ቃል

የታሪክ ትምህርት ግቡ ምንድን ነው? የዘመን ቁጥርንና የነገሥታትን ስም በልጅ አእምሮ ውስጥ እንደ እህል በጎተራ ማከማቸት ነውን? ወይስ ልጁ የቆመበትን ምድር፣ የሚናገረውን ቃልና የሚኖርበትን ኅብረተሰብ መርምሮ እንዲያውቅ ማብቃት? ጥያቄው ለመምህራን አዲስ አይደለም። በስብሰባ አዳራሽ ሲነሣ ሁሉም ሁለተኛውን ይመርጣል፤ በመማሪያ ክፍል የሚሠራበት ግን የመጀመሪያው ነው። መምህሩ ዘመኑን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ለፈተና ያጠናል፤ በፈተናው ማግስት ይረሳል። ይህ ልማድ በየትኛውም አካባቢ ጎጂ ነው። በአርሲ ደጋ ግን ከጎጂነትም አልፎ አደገኛ ነው።

«ልጆች ታሪክ አይወዱም» የሚለው ክስ ከሁሉ አስቀድሞ ሊወድቅ ይገባዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላ፣ ከዚያም በስተደቡብ በበቆጂ የሚያድግ ልጅ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር እንዴት እንዳሸነፈች፣ ከድሉም በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን እንዴት እንደዞረች እየሰማ ያድጋል። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን የወርቅ ሜዳሊያ ማግኘቷንም ይነግሩታል። ይህን ለመያዝ ፈተና አላስፈለገውም። ሰው ስላወጋው፣ በወጉም ውስጥ የሚያውቀው መንገድ፣ የሚያውቀው ዳገትና የሚያውቀው ስም ስላለበት በልቡ ተቀረጸ። እንግዲህ የጎደለው የልጁ ፍላጎት ሳይሆን የአዋቂው ትጋት ነው።

ይኸው ልጅ «ጭሰኛ» ምን ማለት እንደሆነ ቢጠየቅስ? «ቀላድ»ን፣ «ገባር»ን፣ «ሲንቄ»ን ቢጠየቅስ? የአርሲን ታሪክ የሚከፍቱት እነዚህ ቃላት ናቸው። ቃላቱ አሁንም በየአደባባዩ ይሰማሉ፤ ታሪካቸው ግን አብሯቸው አይሰማም። ታሪኩን የተነጠቀ ቃል ስድብ ይሆናል፤ ቃሉን ያጣ ታሪክም ተረት ሆኖ ይቀራል። የትምህርት ቤት ተግባር ሁለቱን አገናኝቶ ለልጁ ማስረከብ ነው።

«ጭሰኛ» ለምሳሌ ይወሰድ። ቃሉ ከጭስ የመጣ ነው፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ እሳት አንድዶ ጭስ የሚያጨስ ማለት ነው። ምድጃው የራሱ፣ ምድሩ የሌላ። ይህን ያህል ብቻ የተነገረው የአሥር ዓመት ልጅ ነገሩ ይገባዋል። ከዚያ ታሪኩ ይከተላል። በ1960 ዓ.ም. መባቻ ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር መጠሪያው ካዱ፣ የተመረጠ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው በብድር ማቅረብ ጀመረ። ምርቱ አደገ። ምርቱ ሲያድግ የመሬቱ ዋጋም አደገ። የመሬቱ ዋጋ ሲያድግ ብዙ ባለመሬቶች ከጭሰኛው ጋር እህል ከመካፈል ይልቅ ትራክተር አስገብተው በራሳቸው ማሳረስን መረጡ፤ ጭሰኛውም ከመሬቱ ተነሣ። ለድኻው ገበሬ የታሰበው ልማት ድኻውን ገበሬ ከእርሻው ነቀለው። ይህን የሰማ ልጅ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነበር? የዘሩ ነው? የትራክተሩ ነው? ወይስ የመሬቱ ይዞታ?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ልጅ ታሪክ መማር ጀምሯል።

የአዲስ አበባ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው መሰለፋቸው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ጭሰኝነት መሻሩ፣ ከዚህ ታሪክ ጎን ሲቀመጥ ባዶ ቁጥር መሆኑ ይቀራል። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚያው በእልልታ ሊዘጋ አይገባም። ከጭሰኝነት የተላቀቀው ያው ገበሬ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መንግሥት በወሰነው ዋጋ የእህል ኮታ እንዲያስገባ ተገዷል፤ በ1978 ዓ.ም. ገደማም በመንደር ምሥረታ ዘመቻ ቤቱን አፍርሶ ወደ ተሰመረለት መንደር እንዲገባ ተደርጓል። እንግዲያው «ኮታ»ም «መንደር ምሥረታ»ም ከ«ጭሰኛ» ጎን በልጁ ደብተር ላይ መስፈር አለባቸው። የአንዱን ዘመን በደል እየተረከ የሌላውን የሚሸፍን መምህር ለአንዱ ወገን ጥብቅና ቆመ እንጂ ታሪክ አላስተማረም።

ከእነዚህ የሚከብዱ ቃላትም አሉ። የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ሠራዊት በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለዓመታት ከአርሲ ኦሮሞ ጋር ተዋጋ። በ1878 ዓ.ም. በአዙሌ በተደረገው ውጊያ በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የተመራው ጠመንጃ የታጠቀ ሠራዊት ጦርና ጋሻ ያነገበውን የአርሲ ተዋጊ ድል አደረገ፤ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት መሬቱ በገመድ ተለካ፤ አብዛኛው በመንግሥቱና በሠራዊቱ እጅ ገባ፤ ለአገሬው ባላባት ሲሶ ተተወለት፤ አራሹም ገባር ሆነ። «ነፍጠኛ»፣ «ቀላድ»፣ «ሲሶ»፣ «ባላባት»፣ «ገባር» አምስቱም ቃላት በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ፤ አንዱ ያለሌላው አይፈታም። «ነፍጠኛ» ነፍጥ ያዥ ነው፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ለአንድ ተግባርና ለአንድ ጥቅም የተሰጠ ስም ነበር። «ባላባት»ም በሰሜኑ ምድር ከሚሰጠው ትርጉም ወጣ ብሎ በአርሲ በመንግሥቱና በሕዝቡ መካከል የቆመውን የጎሣ አለቃ ያመለክት ነበር።

ይህን ያልተማረ ልጅ ቃሉን የሚሰማው ከየት ነው? ከሰልፍ መፈክር፣ ከጠብ፣ ከስልክ ላይ ጫጫታ። እዚያ ደግሞ «ነፍጠኛ» የሥርዓት መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የሰው ዘር መጠሪያ ይሆናል። በአሰላ አማርኛ የሚናገረው ልጅና አፋን ኦሮሞ የሚናገረው ልጅ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ በአንድ ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ። ትምህርት ቤቱ የቃሉን ታሪክ ቢነፍጋቸው አንዱ ቃሉን ድንጋይ አድርጎ ያነሣዋል፤ ሌላው ግንባሩ ይፈነከታል። አደጋው ይኸው ነው።

በሔጦሳ ወረዳ በአኖሌ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ሐውልት የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው፤ በአርሲ ሽማግሌዎች አንደበት ከትውልድ ወደ ትውልድ ለተላለፈው የእጅና የጡት ቆረጣ መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። ስለዚህ ሐውልት ብዙ ተከራክረዋል። አንዱ ወገን «የልጆችን ልብ አታቁስሉ፤ ዝም ብሎ ይታለፍ» ይላል። ምክሩ ርኅራኄ ይመስላል። ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ መምህሩ ዝም ቢል ድንጋዩ ዝም አይልም። ልጁ በአጠገቡ ሲያልፍ ይጠይቃል፤ መምህሩ ያልመለሰለትን ሌላ ሰው ይመልስለታል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ግን የሚያውቅ የለም። ሌላው ወገን ደግሞ ከቁስሉ በቀር ሌላ እንዳይነገር ይሻል። ለእርሱ የአርሲ ታሪክ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ ነው፤ ልጁም ወይ ተበዳይ ወይ የበዳይ ልጅ ሆኖ እንዲያድግ ይፈረድበታል። ሁለቱ ወገኖች ጠላቶች ይመስላሉ፤ በአንድ ነገር ግን ወዳጆች ናቸው፤ ልጁ እንዲጠይቅ አይፈልጉም። መምህር ግን ሊያስጠይቅ ይገባዋል፦ ሽማግሌዎች ምን ይላሉ? የተጻፈው ምን ይላል? የሚለያዩት በምንድን ነው? ለምንስ ይለያያሉ?

የአርሲ ሕዝብ ታሪክ የመሸነፍ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን የሚመሰክሩ ቃላት ሞልተዋል። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሠፍሯል። «ሲንቄ» ዛሬ ለልጁ የባንክ ስም ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ሙሽራዪቱ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ዘንግ ናት። መብቷ የተነካባት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ የአካባቢው ሴቶች ሁሉ ተከትለዋት ይወጣሉ፤ ጠብ በተነሣበት መካከልም ሲንቄ ይዘው ሲቆሙ ወንዱ እጁን ይሰበስባል። «ጉዲፈቻ» የሚለውን የኦሮሞ ቃል ደግሞ አማርኛ ወስዶ የራሱ አድርጎታል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በዚሁ ቃል ይጠቀማል። ያልወለዱትን ልጅ እንደ ወለዱት አድርጎ ማሳደግን የሚገልጸው ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገሩ በራሱ አንድ የታሪክ ምዕራፍ ነው። ነፍጠኛን ያስተማረ መምህር ጉዲፈቻንም ያስተምር።

በዚህ ላይ የተማሩ ሰዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «ወግና አፈ ታሪክ ሳይንስ አይደለም፤ ልጆችን ያሳስታል» ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከወደ ኮሪያ ይገኛል። የኮሪያ ልጆች የአገራቸውን ታሪክ የሚጀምሩት በዳንጉን ነው፤ እናቱ በዋሻ ተዘግታ ነጭ ሽንኩርትና መራራ ቅጠል እየበላች በትዕግሥቷ ሰው የሆነች ድብ ነበረች ይባላል። ይህ ወግ በ13ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው በሳምጉክ ዩሳ ውስጥ ይገኛል፤ በየዓመቱ ጥቅምት 3 ቀን በእነርሱ አቆጣጠር የሚከበረው የአገር ምሥረታ በዓላቸውም ከዚሁ ይነሣል። ድብ ሰው እንደማትሆን ያጣው መምህር የለም። ወጉ የጥያቄ መግቢያ ነው፤ ማን ጻፈው? መቼ? ሕዝቡስ ስለ ራሱ ምን ሊል ፈልጎ ነው? በኢትዮጵያም ቢሆን በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የሚያድግ ልጅ የሰፈሩ ስም ለምን እንዲህ እንደሆነ ቢጠይቅ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃን ታሪክ ያገኛል። አንድ የሰፈር ስም በትክክል ቢፈታ ከአንድ ምዕራፍ ይበልጣል።

ሌላው ዕንቅፋት ቋንቋ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአርሲ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ ታላቅ እርምጃ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን ታሪክ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። አያቱ የኖሩበት ጭሰኝነት በባዕድ ቃል ተጽፎ ሲያገኘው የአያቱ ታሪክ መሆኑን እንኳ አይለየውም። እንደ አባስ ሐጂ ያሉ ምሁራን የአርሲ ኦሮሞን ታሪክ በጥልቀት አጥንተው ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ከምሁር መደርደሪያ ወርዶ ከሕፃን እጅ ሊደርስ አልቻለም። የጥናቱ ፍሬ በልጁ ቋንቋ፣ በልጁ መጠን ካልቀረበ ጎተራው ሞልቶ ቤተሰቡ እንደተራበ ይቆጠራል።

ታዲያ ሥራው የማን ነው? መምህሩ ሃያ ቃላት ይምረጥ፤ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ወግ፣ አንድ ቦታና አንድ ጥያቄ ያዘጋጅ፤ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ የሰሙትን በክፍል ያስነብባቸው፤ ሁለት አያቶች የተለያየ ነገር ሲናገሩም እሰየው ይበል፤ የታሪክ ምርመራ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በአሰላ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ በ2006 ዓ.ም. የተቋቋመው አርሲ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው፤ ቃላቱን መርምሮ፣ ወጎቹን አመዛዝኖ በሁለቱም ቋንቋ ማዘጋጀት ከዓቅማቸው በላይ አይደለም። የኪነ ጥበብ ሰው በበኩሉ ከበዓል መድረክ ውዳሴ ዞር ብሎ ትራክተሩ የገባበትን የጭሰኛ ጎጆ፣ ሲንቄዋን ይዛ የወጣችውን እናት ለልጆች በሚሆን ድርሰት፣ ሥዕልና ተውኔት ያቅርብ። የካድሬው ድርሻ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዝም ማለት ነው። በየዘመኑ ወደ ትምህርት ቤት እየገባ ይህን ቃል አስተምር፣ ያንን ሰርዝ ሲል የኖረ ሁሉ ዘመኑ ሲያልፍ አብሮት የተሰረዘው የራሱ ቃል ነው።

ቃል ይከርማል። ንጉሡም፣ ደርጉም፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትም ለልጆች የሚበጀውን ታሪክ ሊመርጡ ሞክረዋል፤ «ጭሰኛ»፣ «ገባር»፣ «ነፍጠኛ» ግን እስከ ዛሬ በሰው አፍ አሉ። ልጆች እንዳይሰሟቸው ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው ከመሰዳደቢያነት በፊት ማወቂያ እንዲሆኗቸው ማድረግ ነው፤ ለዚህም ከመማሪያ ክፍል የተሻለ ቦታ፣ ከዛሬ የተሻለ ጊዜ የለም።